የሊቀ ሞላ ጆንያ

በየሰፈሩ ሥራው ሊያልቅ «ትንሽ የቀረው» አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት የሚሠራ ከሆነ ጣሪያው ይቀረዋል፤ መጽሐፍ የሚጽፍ ከሆነ መደምደሚያው። የዚህ ሰፈሩ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ለእሱ የቀረው የመኪና ሞላ ነው። ሞላ ደግሞ እንደ ጣሪያ አንዴ ተመትቶ አያልቅም፤ ዕድሜ ልክ ሲያጠብቁትና ሲያላሉት ይኖራል።

ጎረቤቶቹ «ሊቀ ሞላ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። መተዳደሪያው ሊፍት መጠገን ነው። ከሥራ መልስ ግን ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር ካለችው ጋራዥ ገብቶ አንዲት ባለ ሁለት በር መኪና በክሪክ ያነሣል፣ ጎማ ያወልቃል፣ ሞላ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። የሚያዘጋጃት ለድሪፍት ነው፤ ኩርባ ላይ ጭራዋን ጥላ ወደ ጎን እየተንሸራተተች እንድትዞር። እንድትቀልለት ብሎ የኋላ ወንበሯን፣ ምንጣፏን፣ ሬዲዮዋን ሳይቀር አውጥቶ ጥሏል። ነፋስ ባየለበት አንድ ቀን የሕንፃው ዘበኛ «ጌታዬ፣ በገመድ ቢያስሯት አይሻልም?» ብሎታል።

«መቼ ነው ኩርባ ላይ የምታዞራት?» ብሎ የሚጠይቅ የዋህ አይታጣም። ሊቀ ሞላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል። «የፊቱን ሞላ ካጠነከርኩት አፍንጫዋ አልታጠፍም ይላል። የኋላውን ካጠነከርኩት ጭራዋ ሳላስበው ታመልጠኛለች። መሃሉን ነው የምፈልገው። ትንሽ ነው የቀረው።» ምድር ቤት ያሉት አሮጊት ይህን በሰሙ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የዚህ ልጅ መኪና ግን በጎማዋም ከሰፈር አልወጣች» ይላሉ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ ባለቤቱ አትስቅም። እሷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ የምትጠብቀውንም ነገር በደንብ ታውቀዋለች። ከመጋባታቸው በፊት ከአጎቱ በተዋሰው አሮጌ መኪና ከተዘጋው ፋብሪካ ጀርባ ወዳለው ባዶ ግቢ ወስዷት ነበር። ዝናብ ዘንቦ ስሚንቶው ረጥቧል። ሊታጠፍ ሲል መኪናው አዳለጠውና ክብ ሠርቶ ዞረ። እሱ ክው አለ፤ እሷ ግን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስቃ አታውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልሳቀችም። «ለዚሁ የተሠራች መኪና ሠርቼ ደግሜ አዞርሻለሁ» አላት። ይኸው ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጡ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ እያየች ያን ግቢ ትናፍቃለች፤ ተማሪዎቿ የተቆጣች ይመስላቸዋል።

መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ከሹፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ክብደት ይሰማታል። ስለዚህ ሊቀ ሞላ ሚስቱን ክብደቷን ይጠይቃል፤ ያውም ምሳ ላይ፣ እህቷ ፊት።

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ሃምሳ አምስት» ትላለች ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ። የሰርጓ ሰሞን ኪሎዋ ነው። ተማሪ አንዲት ነጥብ ቢስት የማትምረው ሴት፣ ይህችን ቁጥር ይኸን ሁሉ ዘመን ፍንክች አላደረገቻትም። እህቷ ውሃዋን ትጠጣለች።

እሱም ጆንያ አሸዋ ሞልቶ፣ አጠገቡ ባለው ወንበር አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮለት፣ ለሙከራ ሰፈሩን አንዴ ይዞራል። እሷ በመስኮት ታያቸዋለች። «ከጆንያ ጋር ይንሸራሸርልኛል» አለቻት እህቷን። «በዚህ ዕድሜዬ የአሸዋ ጣውንት አመጣብኝ።»

በቅርቡ ግን ከፋብሪካው ግቢ ደጃፍ ሰሌዳ ተተከለ። ሊታጠርና ሕንፃ ሊሠራበት ነው። እንዲያ ያለ ሰፊ ባዶ ቦታ በአካባቢው ሌላ የለም። እሑድ ዝናቡ እንዳባራ ሚስቱ ወደ ጋራዡ ወረደች።

«ዛሬ ውሰደኝ» አለችው።

«ትንሽ ነው የቀረ...»

«ግቢው ሊታጠር ነው። ዛሬ ካልሆነ ይቅርብኝ።»

የጆንያውን ቀበቶ ፈትታ ብትጎትተው አልነቃነቅ አላት። ተጋግዘው አወረዱት። በቦታው ተቀመጠችና ትንፋሿን ዋጠች። አሁን መኪናዋ በእሷ በኩል ትዘቅጣለች፤ የስንት ዘመን ውሸቷም አደባባይ ይወጣል። ሊቀ ሞላ ተንበርክኮ በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መሃል ጣቶቹን ከተተ። ከጆንያው ጋር የሚለካው ሦስት ጣት ነበር።

«ሦስት» አለ። «ልክ ነው።»

መምህርቷ አሰላች። እሷ ሃምሳ አምስት አይደለችም። ሞላው ደግሞ ልክ ነው። እንግዲህ ውሸታሙ ጆንያው ነው።

«ስንት ኪሎ ነው የሞላህበት?»

«ሰባ ሁለት።»

ፊቷ ቀላ። «ማን ነገረህ?»

«ቁርጭምጭሚትሽ የተሰበረ ጊዜ አራት ፎቅ ማን ተሸክሞ አወጣሽ?»

እውነቱን ነው። ያን ሰሞን የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ ነበር፤ ጠጋኙም እሱው ነበር፤ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ታዲያ ሁሉም ልክ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ምንድን ነው የቀረህ?»

ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ጨርቁን በእጁ አገላበጠው።

«ፈርቼ ነው። የዚያን ቀን እንደሳቅሽው ባትስቂስ ብዬ። ሞላ ሲበላሽ ይፈታል። ያ ቀን ቢበላሽብኝ ምኑን እፈታዋለሁ?»

አየችው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጆሮው ሥር ግራሶ አለ። እሷ በመስኮት የናፈቀችውን እሱም መኪና ሥር ተኝቶ ሲናፍቅ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት፤ አሳዘናትም፣ ወደደችውም።

«ግባና ንዳ» አለችው።

ግቢው እንደ ድሮው ረጥቦ ጠበቃቸው። መሪውን አጠፈ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ጭራዋ ለስለስ ብሎ ወጣ፤ መኪናዋ እንደታዘዘችው ወደ ጎን እየተንሸራተተች አንድ ሙሉ ክብ ሠርታ ቆመች። ሚስቱ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

«አልሳቅሽም» አለ፣ ወደ እሷ ዞሮ ማየት ፈርቶ።

እሷ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ድገመው» አለችው።