ጭስ የሚያሳፍረው ሰው

መጎተት ማለት አንድን ከባድ ነገር ከኋላ አስሮ ወደ ፊት መሄድ ነው። ለመጎተት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ የሚጎትት፣ የሚጎተትና የሚደረስበት ቦታ። እኔ እስከዚያ በጋ ድረስ ሦስተኛው የግድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቴክሳስ ውስጥ መድረሻ የሌለው ጉተታ አለ። ሰዎች ፒክአፕ መኪናቸው ላይ ትልቅ ብረት ያስራሉ። መቶ ሜትር ገደማ አፈር ለአፈር ይጎትቱታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያ ትራክተር መጥቶ ብረቱን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ቀጣዩም ሰው ያንኑ ብረት ይጎትታል። ውድድሩ ሲያልቅ ብረቱ ጠዋት የነበረበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የማሻግር ሰው ስለሆንኩ፣ ለመሳቅ አልደፈርኩም።

እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባኝ ምንተስኖት ነው። ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሱና ባለቤቱ ዘነበች ምድር ቤት፣ እኔ ከላያቸው። ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የናፍጣ ፖምፓ ሠሪ ነበር። ፖምፓ ለማታውቁ፣ ናፍጣውን እየለካ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ሲያሳንስ ሞተሩ ይለግማል። ሲያበዛ ሞተሩ ይጠነክራል፣ ያጨሳልም። ምንተስኖት ልኩን በጆሮው ያውቅ ነበር። አሁን የሚሠራበት ግራንድ ፕሬሪ ያለው መጋዘን ውስጥ ግን ጆሮ አይፈለግም። ካርቶን ላይ ስቲከር ይለጥፋል።

“ጋሼ፣ እጄ እየረሳ ነው” አለኝ አንድ ቀን፣ መዳፉን እንደ ሰው ዕቃ ገልበጥ አድርጎ እያየ።

እኔም የራሴን መዳፍ ገልብጬ አየሁ።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተር ያልነካው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ገዛ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ምን ይልሃል ስለው፣ ሦስተኛዋ ፒስተን ትቸኩላለች ይለኛል። የዳላስን የበጋ ሙቀት ታውቁታላችሁ። አስፋልቱ ይርገበገባል፣ ሰማዩ ከሙቀቱ የተነሣ ይነጣል፣ ዛፎቹ እንኳ የደከማቸው ይመስላሉ። በዚያ ላይ የሞተሩ ማጉረምረም ሲጨመር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። አንድ እሑድ አፓርትመንቱ ከመሠረቱ ተላቆ ቀስ እያለ ሲጎተት አየሁ። መጋረጃዎቹ ይውለበለባሉ፣ ጎረቤቶቼ በየመስኮታቸው ቆመዋል፣ ሀይዌዩ በግራችን ያልፋል፤ ወዴት ነው የምንሄደው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ስነቃ በጣም አዝኜ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ሮይ የሚባል፣ ለጉተታ ውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ሰው አለ። ምንተስኖት ሥራ ሊጠይቀው ሲሄድ እኔን ለአስተርጓሚነት ወሰደኝ። ሮይ ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። ይዘነው የሄድነውን ፒክአፕ ሞተር ብዙ አዳመጠና ጥሩ ነው አለ። ግን ጭሱ የት አለ?

“ተቃጥሏል በሉት” አለኝ ምንተስኖት።

አልኩት። ሮይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀልድ የነገርኩት ይመስል ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳን። ብረት የሚጎትት ሞተር የመጨረሻ ጉልበቱን የሚያወጣው ከልክ በላይ ሲጎርስ ነው፤ ትርፉ ናፍጣ ለሞተሩ አየር የሚነፋውን ቱርቦ ያስፈተልከዋል፤ ጥቁር ጭስ ካልታየ ገና ጉልበት ቀርቷል ማለት ነው። ቅዳሜ ውድድር አለ። ይህ መኪና ብረቱን እስከ መጨረሻው ባንዲራ ካደረሰ፣ ሰውዬው ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ካላደረሰ ግን መልካም ዕድል።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ምንተስኖትን ያሳደገው ጋራዥ አለቃ ጋሽ በየነ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ፖምፓ ተሠርቶ ሲያልቅ ነጭ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይይዛሉ። መሐረቡ ከጠቆረ ምንም አይናገሩም። አጥፈው ለሠራተኛው ይሰጡታል፤ አጥቦ መመለስ የእሱ ፋንታ ነው። ምንተስኖት በጀማሪነቱ ብዙ መሐረብ አጥቧል። ያ ሰው ነው እንግዲህ አጭስ የተባለው።

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ናፍጣ የሚጨምረውን የፖምፓ ብሎን ይከፍታል፣ ከሥራ ሲመለስ መልሶ ይዘጋዋል። ዘነበች አላስችል አላት።

“ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ! ሲነጋ ይፈታል፣ ሲመሽ ያስራል። አንተ ሰውዬ፣ ሥራውን ትፈልገዋለህ አትፈልገውም?”

“እፈልገዋለሁ።”

“ታዲያ አጭሰዋ!”

“እያጨስኩ ነው እኮ።”

“ይሄ ጭስ ነው? ሽሮ ሲፈላ ከዚህ ይበልጣል!”

ዓርብ ዕለት ብሎኑን እሷ ፊት አስከፈተችው። ከዚያ መፍቻውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሜዳው በቢጫ አቧራ ተሸፍኗል፣ ሰው ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ መጥቷል። ብረቱ ተንኮለኛ ነው፤ ሲነሣ ይቀልላል፣ በሄደ ቁጥር በላዩ ያለው ሸክም ወደ መኪናው እየተንሸራተተ ይጫነዋል። ስለዚህ ጉልበቱ የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ነው። መኪኖቹ ተራ በተራ ጎተቱ። ጭሱ ሲበዛ ጭብጨባው ይበዛል። ጥቁሩ ደመና ተነሥቶ በሜዳው ላይ ይተኛል፣ ፀሐይዋ ከጀርባው ቀይ ሎሚ ትሆናለች፤ ለጥቂት ደቂቃ ሁላችንም የሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የተቀመጥን ይመስለኛል። ከዚያ ነፋስ ይመጣና ቴክሳስ ተመልሳ ትታያለች።

የምንተስኖት ተራ ደረሰ። አረንጓዴ ባንዲራ ወረደ።

ያ እሑድ እሑድ ሲያጉረመርም የማውቀው ሞተር እንዲህ ያለ ድምፅ አለው ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጎማዎቹ አፈሩን ነከሱ፣ ብረቱ ተነሣ፣ ጥቁሩ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። ዘነበች ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ “እንዲያ ነው! እንዲያ ነው የኔ ጌታ!” ትላለች። ግማሹን አለፈ። የመጨረሻው ባንዲራ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ጭሱ ሳሳ። ግራጫ ሆነ። ጠፋ። ድምፁም ዝቅ አለ፤ መኪናው በትሕትና፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ፓርክ እንደሚያደርግ ሰው፣ ቆመ።

ሮጠን ደረስን።

“ተሰበረ?” አለች ዘነበች።

“አልተሰበረም።”

“ታዲያ ምን ሆንክ?”

“በመስታወት አየሁት” አለ፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ እንዳለ። “ጭሱን። ከኋላ ሰው ተቀምጧል፤ ሕፃናት አሉ። እግሬ ራሱ ከነዳጅ መስጫው ተነሣ።”

“ለጭሱ ብለው እኮ ነው የመጡት! ቲኬት ቆርጠው!”

ሮይ መጥቶ ምን ተፈጠረ አለኝ። ጭሱን ሲያይ አፈረ አልኩት። ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ አጠለቀና ሄደ።

ሰኞ ምንተስኖት መጋዘኑ ገብቶ ስቲከር ለጠፈ። ለሳምንታት ኮፈኑን አልከፈተም። እሑድ ከሰዓት ጸጥ አለ፤ እኔም ደረጃው ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምክር ይወጣው ነበር። ግን ያን በጋ ናፍጣ ተወደደ። ሮይ ያጠናከራቸው መኪኖች አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። አንዱ ይጠጣብኛል ይላል። ሌላው በጭሱ ምክንያት ሚስቴ አብራኝ መሄድ እምቢ አለች ይላል። ሮይ መቀነሱን ያውቅበታል፤ እጁ ግን እሺ አላለውም። ራሱ የሰጠውን ጉልበት መልሶ መንጠቅ መሰለው። በመጨረሻ ደወለልኝና ያንን የሚያፍረውን ሰው ላክልኝ አለ።

አሁን ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰው ይሠራል። በፊት ለፊቱ በር የገባ መኪና ሮይ ዘንድ ጉልበት ይጨመርለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው መኪና በጓሮው በር ይገባና ምንተስኖት ዘንድ ይቀነስለታል። ደንበኛው በሁለቱም በር እያመሰገነ ይወጣል።