ሁለቱ እሺዎች

ስሟን ብጠራ የእኛ ናት ባዩ ስለሚበዛ ስሟን በማልጠራት በአንዲት አገር፣ የቀኝ ቤትና የግራ ቤት የተባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች፣ በኮምፒውተር መስኮት መዝጊያ ሳቢያ ለዘመናት ተኳርፈው ይኖሩ ነበር። የቀኝ ቤት ሰዎች መዝጊያው በቀኝ ጥግ ካልሆነ አገር ትፈርሳለች ይሉ ነበር፤ የግራ ቤት ሰዎችም መዝጊያው በግራ ያልተቀመጠለትን መስኮት አባቴ ይሙት እያሉ አይነኩም ነበር። ወይ ጉድ! በመስኮቱ ወደ ውጭ የሚያይ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አልተገኘም።

መዘዙን ያመጣችው «አጥፋ» የምትባል ቃል ናት። በግራ ቤት ኮምፒውተር ላይ «አጥፋ» ማለት ሥራ ሲያበቃ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ነው፤ በቀኝ ቤት ግን ፊት ለፊት ያለውን መዝገብ መደምሰስ ነው። ታዲያ በግራ ቤት ያደገው ጸሐፊ አቶ ድንበሩ ወደ ቀኝ ቤት የመሬት ጽሕፈት ቤት በተዛወረ በመጀመሪያው ቀን፣ መብራት እንዳይባክን ብሎ እንደ ጨዋ ሰው «አጥፋ»ን ተጫነ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ቀረ፤ የወይዘሮ ትርንጎ ቤት ግን ከአገሪቱ ጠፋ።

ወይዘሮ ትርንጎ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንዱን ክፍል አከራይተው በሌላው የሚኖሩ፣ ከዚያች ቤት በቀር ምንም የሌላቸው ሴት ናቸው። የጽሕፈት ቤቱ አዛዥ ፊታውራሪ ዘገየ ዘንድ ቀርበው አቤት አሉ።

«እናታችን፣ ቤት የለዎትም» አሏቸው ፊታውራሪው።

«ጠዋት ቆልፌው ነው የመጣሁት እኮ።»

«የሌለ ቤት መቆለፍ ወንጀል ነው፤ ስለ ዕድሜዎ አልፈነዋል። ቦታው ላይ የቆመው ነገር ግን በኮምፒውተሩ ስለማይታይ ይፈርሳል።»

አቶ ድንበሩ ደንግጦ መልሼ ልጻፈው ቢል፣ የቀኝ ቤትን «አጥፋ» ስህተት ነው ልትል ነው ወይ ተብሎ ተገሠጸ። ወይዘሮዋ አለቀሱ፤ ሰፈርተኛው አጉረመረመ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ቤቶች ጉባኤ ተቀመጡና፣ ከእንግዲህ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ምንም እንዳይፈርስ ደነገጉ። ምስኪኗ ሴትዮ ተስፋ አደረጉ። ይሁንና የቀኝ ቤት፣ «እሺ» የሚለው ቁልፍ በቀኝ ይሁን አለ፤ የግራ ቤት በግራ ይሁን አለ፤ ስለ እርቅ ሲባል ለሁለቱም ተፈቀደ። «እምቢ» ማረፊያ አጣች፤ የሚሟገትላትም አልነበረም።

አፍራሾቹ ዶዘራቸውን በሩ ላይ አቁመው፣ ኮምፒውተራቸውን ለወይዘሮ ትርንጎ አቀረቡ። «ይፍረስ?» ይላል፤ በቀኝ «እሺ»፣ በግራ «እሺ»።

«በነፃነት ይምረጡ፣ እናቴ» አላቸው ሹፌሩ። «ሳይመርጡ ሞተር አናስነሳም።»

«እምቢ የቱ ጋ ነው?»

«እሱን የጠየቀ ቤት የለም።»

ቆመው ዋሉ፤ ፀሐዩ ሲበረታባቸው እጃቸው በቀኙ «እሺ» ላይ አረፈ። ቤታቸው ወዲያው አፈር ሆነ። የቀኝ ቤት ድል አደረግሁ ብሎ ሰንጋ ጣለ። የግራ ቤት በበኩሉ ምርጫው ተጭበርብሯል ሲል ከሰሰ፤ ክሱ ተመርምሮ እውነትነት ስለተገኘበት፣ ወይዘሮ ትርንጎ ቤታቸው ይፍረስ እንደሆነ እንደገና እንዲጠየቁ ተወሰነ። እስከዚያው ፍርስራሹ ላይ ላስቲክ ወጥረው እንዲጠብቁ ተፈቅዶላቸዋል።