ወንዝ የማይገባበት ልኬት

ካዛንቺስ፣ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሦስት ሆነን ቆመናል። ለሕክምና ከገጠር የመጡት ዘመዴ እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ጋ ናቸው፤ ኡራኤል ባለው ክሊኒክ የቀጠሯቸው ሰዓት ደርሷል። በመኪናው ሊያደርሳቸው ቃል የገባው የእህቴ ልጅ ብሩክ ላፕቶፑን ታቅፎ መስኮቱ ጋ ነው። እኔ መሐላቸው።

ብሩክ የመንግሥት ፕሮግራም ሕክምናን ለገጠሩ ምን ያህል እንዳቀረበ የሚለካ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካዛንቺስ ሆኖ የአገሩን ርቀት ሁሉ ያውቃል።

«እትዬ፣ የእርስዎ መንደር እኮ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው! ጤና ኬላው አጠገብዎ ነው። ምን አደከመዎት?»

«ወንዙስ፣ ልጄ? ክረምት አያሻግርም። አዲስ አበባ ይቀርበኛል።»

«እኛ የምንለካው ርቀት ነው። ወንዝ አይገባም።»

ወንዙ ይህን ቢሰማ ምን ያህል ባፈረ!

«በል ተንቀሳቀስ፣ ቀጠሮው ሊያልፍ ነው» አልኩት።

በመስኮቱ ቁልቁል አየ። «ውይ አክስቴ! መንገዱን ቆፍረውታል፣ ውሃም ሞልቶታል። በቃ፣ ዛሬ ኡራኤል አይደረስም።»

«ያን ያህል ሩቅ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ኧረ ቅርብ ነው! ማለቴ፣ መንገዱ ነው እንጂ...»

እትዬ በላይነሽ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ወጡ።