የ18 ማዞሪያው የባሕር ካፒቴን

በየሰፈሩ ያላየውን ነገር የሚያስረዳ አንድ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ጠቁሙኝ፣ ነገውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ። አንዱ ሰፈር የጨረቃ ጉዞ ሊቅ ይደርሰዋል፣ ሌላው የልብ ቀዶ ጥገና ሊቅ። ባሕር ለማየት ፓስፖርት ለሚያስፈልገን ለእኛ ለኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰዎች የደረሰን ግን የመርከብ ሊቅ ነው።

ክቡርነታቸው ካፒቴን ይገዙ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ካፒቴንነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ ለቀልድ ነበር፣ እሳቸው ግን የምር ተቀበሉት። ባሕር አይተው አያውቁም። ይባስ ብሎ ታክሲ ያጥወለውላቸዋል። ከማዞሪያው ዘነበወርቅ ለመድረስ ጋቢና ካልተቀመጡ አይሳፈሩም፤ በአንድ እጃቸው ሎሚ ያሸታሉ፣ በሌላው ፌስታል ይይዛሉ። ከታክሲው ወርደው ፊታቸው ገና አመድ መስሎ ሳለ፣ «የሽርሽር መርከብ በማዕበል መሃል እንኳ እንዲህ አታንገላታም» ይሉሃል።

ሱቃቸው በር ላይ ውሃ የተሞላ ሰማያዊ ሳፋ አለ። ሳፋው ውቅያኖስ ነው፣ ላዩ ላይ የምትንሳፈፈው የሳሙና ማስቀመጫ መርከብ። ቧንቧዬ ያፈሳል ብሎ ጎማ ሊገዛ የመጣ ምስኪን ሁሉ መጀመሪያ ሳፋው አጠገብ ይቆማል።

«ፎቋን አይተህ አትፍራ» ይላሉ፣ ሳፋውን በእጃቸው እየናጡ። «ክብደቷ ከታች ነው፤ ሞተሩም፣ ነዳጁም፣ ውሃውም። ከሆዷ ግራና ቀኝ ደግሞ ክንፍ አላት፤ ሲብስ ትዘረጋዋለች፣ መወዛወዙን ያረግበዋል። የመዋኛ ገንዳዋ ውሃ ይደፋል፣ ሰገነቷ ላይ ማንም አይቆምም። ብልህ ካፒቴን ቀድሞ የአየሩን ወሬ ሰምቶ ማዕበሉን ይዞረዋል። መዞር ካልቻለ ፍጥነቱን ቀንሶ አፍንጫዋን ለማዕበሉ ይሰጣል። አፍንጫ! ጎን አትስጥ!»

ይህች «ጎን አትስጥ» የሁሉ ነገር መድኃኒት ሆነች። ጎረቤታችን ኤልናታን ከሚስቱ ተጣልቶ ቢያማክራቸው «ጎን አትስጥ፣ አፍንጫህን ይዘህ ፊት ለፊት ግባ» አሉት። ገባ። ያን ቀን እኛ ቤት አደረ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው አንድ ነገር ነው፤ ጋሽ ይገዙ መጨረሻውን አስቀድመው አይናገሩም። መርከቧ ተረፈች ወይስ ሰጠመች ብለህ ብትለምናቸው፣ መጀመሪያ ነፋስ ከየት እንደሚነሳ ማወቅ አለብህ። ይህ አመላቸው ነው ባለፈው ነሐሴ ሰው ሊገድል የነበረው።

ከሱቃቸው ጎን ቅመም የምትሸጠው ዙቤዳ አንዲት ልጅ ናት ያለቻት፣ ሲሃም። ሲሃም ከእነዚያ ፎቅ ከሚያካክሉ መርከቦች በአንዱ ላይ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥራ ሄደች። የሄደች ቀን ጋሽ ይገዙ ሳፋው አጠገብ አቁመዋት፣ ዙቤዳ አውሮፕላኑ ሊያመልጣት ነው ብላ እጇን ጎትታ ነው ያስጣለቻት።

ነሐሴ ላይ ሲሃም ያለችበት ባሕር ከባድ ማዕበል ተነሳ ተባለ፤ ስልኳም ጠፋ። ዙቤዳ ሱቋን ዘጋች። እህል ስትቀምስ ያያት የለም፤ ስልኳን በእጇ ይዛ በር በሩን ታያለች። እኛም ምን እንደምንላት ጠፍቶን ሰላም ብለናት እናልፋለን።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ፣ ጋሽ ይገዙ በሬን ደበደቡት። መርከቦች የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ ስልካቸው ላይ አለ፤ እሱን ሲከታተሉ ከርመዋል።

«ዞራዋለች! ማዕበሉን በጎን ትታው ወደብ ገብታለች! ተነስ፣ ለዙቤዳ እንንገራት!»

«ይደውሉላታ፣ ጋሽዬ።»

«ይሄ በስልክ የሚነገር ነገር ነው? ደግሞ እኔን ብቻዬን አታምነኝም።»

ስለዚህ እኔ ምስክር ሆንኩ። መንገድ ላይ ደግሞ አቶ ኑሕን ጨመሩ። አቶ ኑሕ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ዘመዱን ማለዳ ቀስቅሰው የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ብርዱ ግን ማሰቢያ አይሰጥም፤ ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበን ሄድን።

እንግዲህ አስቡት። ዙቤዳ በሩን ስትከፍት ጋቢ የለበሱ ሦስት ወንዶች ቆመዋል፣ መሃል ላይ የእድሩ ሊቀመንበር። እጇ በሩ ላይ ቀረ። ጋሽ ይገዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚህ አገር መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምርባትን ቃል አሏት፦

«ዙቤዳ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ልጄን!» አለች። መሬት ላይ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ማን ይስማ! ግቢው በጩኸት ተናጋ። ሰብሌ ከጎረቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እያነባች ደረሰች። አንዱ ድንኳኑ ከማን ቤት እንዳለ ይጠይቃል። ጋሽ ይገዙ ከለቅሶው በላይ «ኧረ ቆዩ! ላስረዳችሁ! መጀመሪያ ነፋሱ ከምሥራቅ...» ይላሉ።

«ነፋሱን ይተውትና አለች ይበሉ!» ጮሁባቸው አቶ ኑሕ። «አለች ብቻ ይበሉ፣ በአላህ!»

ያኔ መሬት የወደቀው የዙቤዳ ስልክ ጮኸ። ሰብሌ አንስታ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«እማ? ወደብ ገባን፣ ኔትወርክ አሁን ገና መጣ። ምንድነው ጩኸቱ? የማን ለቅሶ ነው?»

«ያንቺ!» አለች ዙቤዳ።

ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። ጋሽ ይገዙን ስፈልጋቸው የሉም። ሲሃም ቀጥሎ ያለችውን ሳይሰሙ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጥተዋል። ጎን ሰጥተው ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳፋው ተደፋ። ጋሽ ይገዙ ቧንቧ ይሸጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ዙቤዳ ሰላምታ ነሳቻቸው፤ እውነቷን ነው። እኔ ግን፣ ስንት ዓመት ምነው ዝም ባሉ ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ የማልፈልገውን ጎማ እየገዛሁ ሱቃቸው መመላለስ ጀመርኩ።

«ጋሽ ይገዙ፣ ያ ክንፍ ግን እንዴት ነበር የሚዘረጋው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ።

ከእሳቸው አፍ ይህን ስሰማ አንድ ጎማ ጨምሬ ገዛሁ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ምሳዬን ልበላ ወደ ቤት ስሄድ፣ ዙቤዳ ከሱቋ ወጣች። የተደፋውን ሳፋ አነሳች፣ ውሃ ሞላችበትና ጋሽ ይገዙ እግር ሥር አስቀመጠችው። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርዎት» አለቻቸው። «ልጄ ደህና ናት። አሁን ደግሞ ያን ቀን ሳይሰሙ የሄዱትን ይስሙ። ማዕበሉን ዞረው እስኪያልፉ መርከቧ ስትናጥ አብረዋት ያሉት ልጆች ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር። ሲሃም ሳፋ ውሃ ሞልታ፣ የሳሙና ማስቀመጫ አንሳፍፋ፣ እርስዎ እንዳሳዩዋት አሳየቻቸው። ጎን አትስጡ እያለች። ዛሬ ካፒቴን ነው የሚሏት።»

ጋሽ ይገዙ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ትናንት ደውላ፣ ማዕበል እየመጣ ነው አለችኝ» አለች ዙቤዳ፣ ሳፋው አጠገብ ቁጭ እያለች። «በሉ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ነፋስ ማለት፣ ዙቤዳዬ...» ብለው ጀመሩ፣ ሳፋውን በእጃቸው እየናጡ።

ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነበር። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።