ድልድይ የሌለው ወንዝ

በዚያ እሁድ ሳሎናችን ውስጥ አምስት ነበርን፤ እኔ፣ ባቡር ነጂው ባለቤቴ፣ ልጄ ዳንኤል፣ ጎረቤቴ ፋጡማና ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሰው አብዲ።

ጥሬ ወጥ አቅርቦ «ሆድ ውስጥ ይበስላል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አብዲ እንደዚያ ነው።

ዳንኤል ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ወጣት እየታፈሰ ጦር ሜዳ በሚላክበት በዚህ ጊዜ እናት ምን ታድርግ? ደጅ እንዳይወጣብኝ ብዬ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ጌም አስመጣሁለት። እግዜር ይስጠው፣ ስድስት ወር ቤት አስቀመጠልኝ። ሲጨርሰው ተከታዩን እንዲያመጣልኝ አብዲን አዘዝኩት።

አዲሱ ካሴት ተሰካ። ሰይፍ የያዘው ጀግና ወንዝ ደረሰ፤ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ድልድዩ ግን መሀል ላይ አለቀ። ዳንኤል ሃያ ጊዜ ሞከረ። ሰውዬው ሃያ ጊዜ ሰመጠ።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩ።

«አቦ እትዬ፣ ምን ያስቆጣሻል? ሠሪዎቹ ቸኩለው ሳይጨርሱ ሸጡት። ቀሪው ይመጣል፣ ወላሂ!» አለ አብዲ።

«እኛ እንኳ ሐዲዱ ሳያልቅ ባቡር አንነዳም» አለ ባለቤቴ።

ፋጡማ «ዋና ይማራ፣ ምን ቸገረው!» ብላ ሳቀች።

ልጄ አልሳቀም። ተነሥቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ደንግጬ «ተቀመጥ! አብዲ ነገ ሄዶ ያለቀውን ያመጣልሃል» አልኩ። አብዲም ማለ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። በየማለዳው «ዛሬ ይመጣል» እላለሁ፤ ልጄ ግን ማመኑን እየተወ ነው። አብዲን ከዚራ ሰፈርም ሆነ ባቡር ጣቢያ ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ የት እንዳለ ንገሩኝ።