በልጅቷ ልብ ላይ የሣልኩት ቧንቧ

ዛሬ ሥራ ቦታ የሠራሁትን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። አድርጉኝ!

አሶሳ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ሐኪም ካርዱ ላይ የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ ቀይሬ ሲስተም ውስጥ አስገባለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል?

የሐኪም ጽሑፍ መቼም ታውቃላችሁ! የሕፃናት ሐኪማችን ግን የልብ በሽታ ሲሆን ልቡን ይሥላል። እኔም ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን አነባለሁ።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት የአራት ወር ሕፃን ካርድ ደረሰኝ። ልቧ መሐል ላይ ቀዳዳ አለ። ከልቧ የሚወጣው ትልቅ ቧንቧ ግን አንድ ብቻ ነው።

አንድ? ሁለት መሆኑን፣ አንዱ ወደ ሳንባ ሌላው ወደ ሰውነት እንደሚሄድ፣ ኮሌጅ ተምሬያለሁ እኮ! ዶክተር ቸኩሎ ረስቶት ነው አልኩ።

እና በእስክሪብቶዬ ጨመርኩለት።

አዎ፣ ሣልኩት! ያውም አሳምሬ!

ከዚያ የተራ የልብ ቀዳዳ ኮድ ሰጥቼ ወደ ሌላ ካርድ አለፍኩ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የልብ ሐኪሞች መጡ። እኔ በሰጠሁት ኮድ ከወጣው ሊስት ላይ አስቸኳዮቹን መርጠው ያያሉ፤ ቀዳዳ ብቻ ያለባቸው ለሚቀጥለው ዙር ይቆያሉ። ከሰዓት በፕሌን ይመለሳሉ።

ረፋዱ ላይ የሕፃኗ እናት ልጇን አዝላ መስኮቴ ጋ መጣች። ከመንጌ ወረዳ ነው የመጣችው፤ አማርኛ ብዙም አትችልም።

«ልጅ የኔ ስም አልጠራም» አለችኝ።

«እህቴ፣ ቀዳዳ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ትጠሪያለሽ፣ አይዞሽ።» ድፍረቴን አያችሁልኝ?

አንድ ጣቷን ቀሰረች። «ወላሂ ዶክተር እንዲህ አለ። ሁለት የለም። አንድ ብቻ።»

ክው አልኩ።

ካርዱን አወጣሁ። የሐኪሙ ልብ በጥቁር፣ የኔ ቧንቧ በሰማያዊ። ስልኬ ላይ ስፈልግ በሽታው አለ! እንደዚህ ሆነው የሚወለዱ በጣም ጥቂት ሕፃናት አሉ፣ የራሱ ኮድም አለው። በጊዜ ኦፕራሲዮን ካልተደረጉ አብዛኞቹ አይቆዩም ይላል። እኔ ትቆይ ያልኳት ይህችን ነው።

ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ኮሪደር ላይ ቀረ።

ዶክተራችን ካርዱን አየው፣ አገላበጠው። «ይሄን ቧንቧ ማነው ያበቀለላት?»

እንግዶቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ።

«እኔ።»

ማንም አልሳቀም። ዶክተሩ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ መዞ ወሰደው።

ልጅቷን ወዲያው ለኢኮ፣ ለልብ አልትራሳውንድ፣ አስገቧት። እኔ በአንድ ጫማ በሩ ላይ ቆሜ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ሲወጡ፣ አዎ፣ አንድ ቧንቧ ነው። ነገ ጠዋት በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ትሄዳለች። ትድናለች ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ።

እናትየዋ እጄን ያዘችኝ። «አንተ ጥሩ ሰው። ለልጅ የኔ ሮጠህ። አላህ ይስጥህ።»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ኧረ ምንም አይደል» ነው።

ምንም አይደል!

ይኸው ለእናንተ ተናዘዝኩ፤ እሷ ፌስቡክ የላትማ። ነገ አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ሄጄ ልንገራት፣ ወይስ የማይገባኝን ምርቃት ይዤ ዝም ልበል?