አራት ጊዜ አምስት ሃያ አንድ

ሂሳብ የሚጠላ ልጅ የለም። የለም ስላችሁ የለም። ልጅ የሚጠላው የሂሳብ አስተማሪውን ነው… አስተማሪው ደግሞ ጥፋቱን በሂሳብ ያላክካል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ተጠልቼ ነው ያወቅሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዋሳ ውስጥ ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለሦስተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምር ነበር። ማስተማር ካላችሁት ነው። «ሁለት ጊዜ አምስት?» ስል ዝም። አርጩሜዬን ሳነሳ «አሥር»። የኔ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ በመስኮት ዘለው የሚጠፉትን ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ እሱ ራሱ ጥሩ የመደመር ልምምድ ይወጣው ነበር።

አንድ ቀን መረረኝና አርጩሜውን ወርውሬ በዘንቢል ሎሚ ይዤ ገባሁ። ወንበሮቹን ገፋን፤ ሎሚውን መሬት ላይ አምስት አምስት እያደረግን በመደብ በመደብ ደረደርን። (ያኔ መደብ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታሰበው ላብ አደሩ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሎሚው ነው።) ግማሹ ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ ሆነ። ክፍሉ ቀለጠ። በመስኮት ይወጡ የነበሩት በመስኮት መግባት ጀመሩ።

ችግሩ አየለች ነበረች። እናቷ ከአዋሳ አጠገብ ካለችው ከቱላ ሎሚ እያመጡ ገበያ ይሸጣሉ። ዕድሜዋ ዘጠኝ ቢሆን ነው፤ ምላሷ ግን አርባ ዓመት የነገደች ሴት ምላስ ነው።

«አየለች፣ አራት መደብ ልገዛሽ ነው። ስንት ሎሚ ትሰጪኛለሽ?»

«ሃያ አንድ፣ ጋሼ።»

«አራት ጊዜ አምስት ሃያ አይደለም እንዴ?»

«ምራቂውስ?»

እስቲ ፍረዱኝ። እናንተስ አራት መደብ ሎሚ ገዝታችሁ ምራቂ ሳይጨመርላችሁ ከገበያ ትወጣላችሁ? ቢሆንም አስተማሪ ነኝና «ምራቂ አይቆጠርም» አልኳት።

«የማይቆጠር ከሆነ፣ እናቴ ስትከለክላቸው ገዢዎቹ ለምን ይጣሏታል?»

ሃያ አንዱንም ሎሚ ቆጥሬ ተቀበልኳት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰማንያውም ልጅ ምራቂ ጨማሪ ሆነ። እኔም ደወል ሲደወል «ጋሼ፣ ትንሽ እንቆይ» የሚል ተማሪ በማየቴ ደስታው አስክሮኝ፣ ምራቂዋን ሰኞ አስቀንሳቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰኞ ክፍል ስገባ የትምህርት ተቆጣጣሪው ካኪያቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው ለአስተማሪ ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከሃምሳ በታች ያገኘ መኪና ወደማይገባበት ወረዳ ይዛወራል። እኔ ደግሞ እዚያው አዋሳ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ የጋብቻ ጥያቄዬን ከተቀበለች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። የተቀበለችውም አስጠንቅቃኝ ነው፤ «እኔ ከአዋሳ ንቅንቅ አልልም» ብላ።

ተቆጣጣሪው ተነሡና «አራት ጊዜ አምስት?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰማንያ አፍ ባንድ ድምፅ «ሃያ አንድ» አለ።



«ስድስት ጊዜ አምስት?»

«ሠላሳ አንድ።»

በአቋም አንድነት በኩል እንከን አልነበራቸውም።

«ይህን ማን ነው ያስተማራችሁ?»

ሰማንያ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ… በኩራት ነው ደግሞ።

«ጓድ፣ ምራቂ ጨምረው ነው» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ያለ ምራቂ ብለው ይጠይቋቸው፤ ያውቁታል።»

«ምራቂ የንዑስ ከበርቴ ልማድ ነው» አሉኝ። «በሳይንስ ውስጥ ምራቂ የሚባል ነገር የለም። ሂስ ደግሞ በግልጽ ነው፤ ነጥብህን ተማሪዎችህ ፊት እናወጣለን።» ከዚያም ፊት ለፊት የተቀመጠችውን ልጅ ጠመኔ አስያዟት። ማን ትመስላችኋለች?

«ጻፊ። ዝግጅት፣ አሥራ ስምንት። ሥርዓት፣ አሥራ ሰባት። ውጤት፣ አሥራ አራት። ደምሪ።»

አየለች ምላሷን ወደ ጥግ አውጥታ ደመረች። በእጇ የያዘችውን አንድ እንኳ አልረሳችም። ከመስመሩ ሥር አርባ ዘጠኝ ብላ ጻፈች።

በቃ፣ አለቀልኝ። ልብስ ሰፊዋ በዓይኔ ላይ ሄደች። ግን ልንገራችሁ፣ እዚያው ቆሜ ኮራሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጠመኔ ስታይ በመስኮት ትዘል የነበረች ልጅ ናት እኮ፤ መጥፊያዬን ሳትሳሳት ደመረችልኝ።

አየለች ግን ጠመኔውን አላስቀመጠችም። ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች።

«ምራቂውስ?»

«የለም ተብሏል።»

«ቅዳሜ ከእናቴ ሎሚ ሲገዙ “ምራቂ የማትሰጥ ነጋዴ አትባረክም” ብለዋት የለ? ዘንቢልዎ ውስጥ የጨመርኩልዎ እኮ እኔ ነኝ።»

 ተቆጣጣሪው መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥለው መሬት ላይ የተደረደረውን ሎሚ። አንገታቸውን የያዘውን ቁልፍ ፈቱ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው እርሳሳቸውን አነሡና ደብተራቸው ላይ አርባ ዘጠኙን ሰርዘው ሃምሳ ብለው ጻፉ።

አየለች ተንጠራርታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ሁለት ነው የወሰዱት።»

ሃምሳ አንድ ሆነ። ሥሩ ላይ ያሰፈሩትን አስተያየት በኋላ አንብቤዋለሁ፤ «ትምህርቱ ከአካባቢው ኅብረተሰብ ኑሮ ጋር በሚገባ የተዛመደ ነው» ይላል። በማግሥቱ ልጆቹን ሰብስቤ «ሰሌዳ ላይ ያለ ምራቂ፣ ገበያ ላይ ከነምራቂው» ብዬ ደነገግሁ። አንድም አልተሳሳተብኝም። አርጩሜዋንም እስከ ዛሬ የት እንደወደቀች አላውቅም።

ልብስ ሰፊዋን አገባሁ፤ አዋሳም ቀረሁ። እሷ ታዲያ ይህን ታሪክ በሰማች ቁጥር መርፌዋን ታቆምና ትጠይቀኛለች።

«ማለፊያው ሃምሳ ከሆነ እኔን ለማግኘት አንድ ነጥብ ይበቃህ ነበር። ሁለተኛዋ ምን ልታደርግልህ ነው?»

«እሷማ» እላታለሁ፣ «ምራቂ ናት።»